የማር እንጀራ ሆድ ያለው ቀላል ሳንቃ አሠራር፦ ቆዳው እንዳይላቀቅ፣ መሃሉ እንዳይሰምጥ

ከካርቶንና ከስስ ኮምፔርሳቶ ቀላል ሳንቃ ለመሥራት የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ከሦስት በአንዱ ይከሽፍበታል። ወይ ቆዳው፣ ማለትም ከላይና ከታች የሚለጠፈው ስስ ኮምፔርሳቶ፣ ከሳምንት በኋላ ይላጣል። ወይ መሃሉ ይሰምጣል። ወይ እግሩን ያሰረበት ብሎን ተነቅሎ እጁ ላይ ይቀራል።

ሦስቱም ደርሰውብኛል። የመጀመሪያውን ሳንቃዬን ደብረ ማርቆስ ላይ በነሐሴ አጣበቅኩት። ዝናብ እንዳይነካው ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ስፈታው ውስጡ ሻግቷል። የላይኛውን ቆዳ በጣቴ ጫፍ ሳነሳው፣ በደንብ የበሰለ እንጀራ ከምጣድ እንደሚነሳ ሙልጭ ብሎ ተነሳ።

እዚህ የምንሠራው 60 በ120 ሴንቲ የሆነ አንድ ሳንቃ ነው። ለተጣጣፊ የገበያ ጠረጴዛ፣ ለመደርደሪያ፣ ለክፍል መከፋፈያ ይሆናል። ለውጭ በር አይሆንም፤ ሆዱ፣ ማለትም በሁለቱ ቆዳ መካከል ያለው፣ ካርቶን ነው። ሲያልቅ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። ያንኑ ውፍረት በድፍን እንጨት ብትሠሩት 15 ኪሎ ገደማ ይሆናል።

መጀመሪያ ይህን ተረዱ

ሳንቃ ሲጫን የላይኛው ቆዳ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል። የሆዱ ሥራ ሁለቱን አራርቆ መያዝና አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት ማድረግ ነው። ሁለት ባለ 4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ እርስ በርስ ብታጣብቁ ባለ 8 ሚሊ ሳንቃ ታገኛላችሁ። እነዚያኑ ሁለቱን በ3 ሴንቲ ሆድ ብታራርቋቸው ግን አልጎብጥም ማለታቸው በስሌት ከ50 እጥፍ በላይ ይጨምራል። የጨመራችሁት ካርቶንና አየር ነው።

ይህ የሚሆነው ኮላው ቆዳውንና ሆዱን አጥብቆ ከያዘ ብቻ ነው። ከለቀቀ በእጃችሁ ያለው ሁለት ስስ ጣውላና ትንሽ ቆሻሻ ወረቀት ነው። ስለዚህ የካርቶኑ ጥንካሬ ብዙ አያስጨንቃችሁ። የሚያስጨንቃችሁ የካርቶኑ ጠርዝ ቆዳውን የሚነካበት ቦታ ይሁን።

ሌላው ነገር አቅጣጫ ነው። የማር እንጀራን ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ ብትጫኑት ይቋቋማል። በጎኑ ስትጫኑት ግን ወዲያው ይጨማደዳል። የካርቶኑም ጠባይ ይኸው ነው። ዓይኖቹ ከታችኛው ቆዳ እስከ ላይኛው ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። በጎኑ አስተኝቶ የሠራ ሰው አይቻለሁ፤ ሳንቃው እንደ ፍራሽ ይለጠጥ ነበር።

ፎም እንደ ዳቦ ነው፤ በየትኛውም በኩል ብትጫኑት ለውጥ የለውም። ይህ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሲቀል ነው። የፎምን ክብደት በግማሽ ብትቀንሱ ግትርነቱ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ቆሞ የሚጫን የማር እንጀራ ግን ክብደቱ በግማሽ ሲቀንስ ግትርነቱም በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ብዙ የአውሮፕላን ወለሎች በዚህ ቅርጽ ከወረቀት ወይም ከአሉሚኒየም የሚሠሩት ለዚህ ነው። ወረቀት ስላችሁ ተራ ወረቀት ማለቴ አይደለም፤ ሙቀት ከሚችል ክር የተሠራና በሙጫ የጠነከረ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

ባለ 4 ሚሊ ኮምፔርሳቶ። አንድ ሉህ 122 በ244 ሴንቲ ነው። ከእሱ አራት ቆዳ ይወጣል፤ የሁለት ሳንቃ ማለት ነው። ሁለቱም ቆዳ ከአንድ ሉህ ይቆረጥ። አንዱ 4 ሚሊ፣ ሌላው 6 ሚሊ ከሆነ ሳንቃው ሲደርቅ ይጠማዘዛል።

3 በ3 ሴንቲ የተላገ እንጨት፣ በጠቅላላው 4 ሜትር ተኩል። የፈረንጅ ጽድ ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ከሆነ በደንብ የከረመ ይሁን፤ ትኩስ ባሕር ዛፍ ሳንቃውን ይዞት ይጠማዘዛል።

አንድ የፍሪጅ ካርቶን። ውስጡ አንድ ረድፍ ሞገድ ያለው ይሁን። የሙዝ ካርቶን አትጠቀሙ፤ ብዙ ጊዜ እርጥበት የጠጣ ነው።

ነጭ የእንጨት ኮላ 1 ኪሎ። ትንሽ የቀለም ሩሎ። ካተር ከትርፍ ምላጭ ጋር። የብረት ማስመሪያ፣ ስኳድራ፣ ወስፌ፣ ድሪል ከ5 ሚሊ ጫፍ ጋር። አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ አምስት፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ የሚሆን። ደግሞ አንድ ረዳት። ማጣበቁ ለብቻ አይሠራም፤ እመኑኝ።

ደረጃ 1፦ ካርቶኑን አድርቁ

ካርቶን እርጥበት ሲጠጣ ጥንካሬውን በግማሽ ሊያጣ ይችላል። በክረምት ከሱቅ በረንዳ ያመጣችሁት ካርቶን በእጅ ሲነካ ደረቅ ቢመስልም ደረቅ አይደለም። ፈታችሁ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዘርጉት። ፀሐይ ከሌለ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ አቁሙት።

መሞከሪያ፦ ጫፉን እጠፉት። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰጠ ደርቋል። ድምፅ ሳይሰጥ ከታጠፈ አንድ ቀን ጨምሩለት።

የተጨማደደውን፣ ውኃ የነካውን፣ ፕላስተር የተለጠፈበትን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ። ፕላስተር ላይ ኮላ አይዝም።

ደረጃ 2፦ ንጣፎቹን ቁረጡ

3 ሴንቲ ስፋት፣ 75 ሴንቲ ርዝመት ያላቸው 48 ንጣፎች ትቆርጣላችሁ። 24ቱ ለአንድ ወገን፣ 24ቱ ለሌላው። ሳንቃው መሃሉ ላይ ተሻጋሪ እንጨት ስላለው ሆዱ ሁለት ክፍል ነው።

የሞገዱን አቅጣጫ እዩ። በካርቶኑ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ቱቦዎች በንጣፉ ወርድ፣ ማለትም በ3 ሴንቲው በኩል መቆም አለባቸው። ንጣፉን በጠርዙ ብታቆሙት ቱቦዎቹ ልክ እንደ ምሰሶ ከታች ወደ ላይ ይሄዳሉ። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ ጭነት ይችላል። ሁለተኛ በመስመሩ ላይ ሳይሰበር በቀላሉ ይታጠፋል። በተቃራኒው የተቆረጠ ንጣፍ ሁለቱንም አይሰጣችሁም። እንደገና ቁረጡ እንጂ አትቀጥሉ።

ስፋቱ ከ3 ሴንቲ እንዳይለያይ በእርሳስ እየለካችሁ አትቁረጡ። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች በ3 ሴንቲ ልዩነት ጠረጴዛ ላይ ምቱና ማስመሪያውን በእነሱ ላይ አስደግፉ። አንዴ ከተዘጋጀ 48ቱም አንድ ዓይነት ይወጣል። ምላጩን በየ10 ንጣፉ ቀይሩ። የደነዘዘ ምላጭ ጠርዙን ያደቅቀዋል፣ የደቀቀ ጠርዝ ደግሞ አጭር ነው።

ደረጃ 3፦ መስመር አስምሩ፣ ኮላ ቀቡ

እያንዳንዱን ንጣፍ በየ2.5 ሴንቲው አስምሩ። 30 ክፍል ይወጣል። ከ1 እስከ 30 ቁጥር ስጡት። ሁሉንም ለየብቻ ማስመር አያስፈልግም፤ 24ቱን አንድ ላይ ደርድራችሁ በጠርዛቸው በኩል አንዴ መስመር ብታሳርፉ ይበቃል።

መስመሩን በቢላ ጀርባ ጫን እያላችሁ አስምጡት። ሳይቆረጥ መታጠፊያ ይሠራል።

በዚያው ንጣፎቹን በወስፌ ብሱ። በእያንዳንዱ ክፍል መሃል አንድ ቀዳዳ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ አትዝለሉት።

አሁን ኮላ። የመጀመሪያውን ንጣፍ አስተኙና ክፍል 1፣ 5፣ 9፣ 13፣ 17፣ 21፣ 25 እና 29 ላይ ቀቡ። ሁለተኛውን ንጣፍ በላዩ ልክ አስተካክላችሁ አስቀምጡ። በሁለተኛው ላይ ክፍል 3፣ 7፣ 11፣ 15፣ 19፣ 23 እና 27 ቀቡ። ሦስተኛውን አስቀምጡ። ሦስተኛው ላይ እንደገና 1፣ 5፣ 9 እያላችሁ ትሄዳላችሁ። እንዲህ እያፈራረቃችሁ እስከ 24ኛው ድረስ። 24ኛው ላይ ምንም አትቀቡ። የቀሩትን 24 ንጣፎችም ለብቻ እንዲሁ ክመሩ።

ኮላው ስስ ይሁን። ከመስመሩ በ3 ሚሊ ወደ ውስጥ ይቅር፤ ሲጫን ራሱ ይደርሳል። ወደ ጎረቤት ክፍል ካለፈ ያ ዓይን አይከፈትም።

ክምሩን በአንድ ማዳበሪያ አሸዋ ተጭናችሁ አራት ሰዓት ያህል ተዉት። በክረምት አንድ ሌሊት።

ከተሳሳታችሁ፦ ቁጥር ተምታቶባችሁ ሁለት ተከታታይ ንጣፍ አንድ ቦታ ከተቀቡ ክምሩ እዚያ ጋ አይከፈትም። ኮላው እርጥብ ሳለ ካያችሁት ንጣፎቹን አላቅቁ፤ ነገሩ ቀላል ነው። ከደረቀ ግን ክምሩን እዚያ ላይ በካተር ለሁለት ክፈሉትና ኋላ ሁለቱን ቁራጮች ጎን ለጎን ተጠቀሙባቸው።

ደረጃ 4፦ ጎትታችሁ ክፈቱት

ክምሩን በጠርዙ አቁሙ። ረዳታችሁ የመጀመሪያውን ንጣፍ፣ እናንተ የመጨረሻውን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ተለያዩ። ዓይኖቹ ይከፈታሉ፣ ባለ ስድስት ጎን ቀፎ ፊታችሁ ይዘረጋል። ደስ የሚል ጊዜ ነው፤ ልጆች ካሉ ጥሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። ንጣፉ 75 ሴንቲ ነበር፤ ሲከፈት ያጥራል። ስህተት አይደለም። ትክክለኛ ባለ ስድስት ጎን ሲሆን ርዝመቱ ሩቡን ያጣል፤ 75ቱ 56 ይሆናል። የሚፈለገውም እሱ ነው፤ የክፈፉ ውስጥ 55.5 ሴንቲ ነው። ከመጀመሪያውኑ 55 ሴንቲ አድርጎ የቆረጠ ሰው 41 ሴንቲ ይዞ ይቀራል።

ርዝመቱን መለኪያ አድርጉት። ከ56 ከበለጠ ገና በደንብ አልከፈታችሁትም። ካነሰ ከልክ በላይ ጎትታችሁታል፤ መልሱት።

በወርዱ በኩል እያንዳንዱ ንጣፍ ከነካርቶኑ ውፍረት 2.5 ሴንቲ ገደማ ይሰጣል። የክፈፉን 54 ሴንቲ ለመሙላት 22 ንጣፍ ይበቃል። የተረፉትን ቁረጡ።

ስታነሱት እንደ ኮርቻ ከተጠማዘዘ አትስጉ። የባለ ስድስት ጎን ቀፎ ጠባዩ ነው፤ ወደ አንድ በኩል ስታጎብጡት በሌላው በኩል ወደ ተቃራኒው ይጎብጣል። ጠፍጣፋ ቦታ ስታስቀምጡት ይተኛል።

ደረጃ 5፦ ክፈፉን ሥሩ፣ አየር መውጫ ስጡት

ሁለት 120 ሴንቲ፣ ሦስት 54 ሴንቲ እንጨት ቁረጡ። ሁለቱን ረጅሞች በጎን፣ ሦስቱን አጭሮች በሁለቱ ጫፍና በመሃል አድርጉ። በኮላና በሚስማር ያዙት። ስኳድራው እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ይረፍ። ከዚያ ሰያፉን በሁለቱም በኩል ለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ክፈፉ ተጋድሟል።

እግር ወይም ማጠፊያ በሚታሰርበት ቦታ ሁሉ 6 በ6 ሴንቲ የሆነ፣ 3 ሴንቲ ውፍረት ያለው ቁራጭ እንጨት ከክፈፉ ጋር አጣብቁ። ቦታውን በወረቀት ላይ ሳሉት፤ ከተዘጋ በኋላ አይታያችሁም። ካርቶኑን በዚያው ልክ ቆርጣችሁ ታወጡለታላችሁ።

አሁን አየሩ። በሁለቱ ጫፍ እንጨቶችና በመሃለኛው ላይ በ5 ሚሊ ድሪል ሁለት ሁለት ቀዳዳ ብሱ። ነጭ ኮላ የሚደርቀው ውኃው ሲወጣ ነው። ዓይኖቹ ከተዘጉ ውኃው የትም አይሄድም፤ የእኔን ሻጋታ አስታውሱ። በወስፌ የበሳችሁት ከዓይን ወደ ዓይን፣ በድሪል የበሳችሁት ደግሞ ወደ ውጭ ያሳልፋል።

ሁለተኛም ምክንያት አለ፣ የጎጃም ሰው ሊያስብበት የሚገባ። አንድ መቶ ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር የአየር ግፊት በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ያህል ይጨምራል። ሳንቃችሁን ደብረ ማርቆስ ላይ አሽጋችሁ፣ በደጀን አድርጋችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ብትወርዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወረዳችሁ። ፈጽሞ አየር በማያስገባ ሳንቃ ላይ ይህ በካሬ ሜትር ከአንድ ቶን በላይ ግፊት ነው። ከዓባይ ስትወጡ ደግሞ በተቃራኒው ቆዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ የታሸገ ቺፕስ ዳገት ላይ እንደሚነፋው። ኮምፔርሳቶ ትንሽ ስለሚያስተነፍስ እዚያ አይደርስም። ቀለም በደንብ የተቀባ፣ ጠርዙ የታሸገ ሳንቃ ግን ይጎዳል። ቀዳዳው ነፃ ነው፤ ብሱት።

ደረጃ 6፦ ቁመቱን ፈትሹ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው። ከሽፎ ካየሁት ሥራ አብዛኛው ግን እዚህ የተበላሸ ነው።

ክፈፉን ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጡና ሁለቱን የቀፎ ክፍሎች ውስጡ ክተቱ። የብረት ማስመሪያውን ከክፈፍ እስከ ክፈፍ አሻግሩ። ካርቶኑ ማስመሪያውን መንካት አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ካርቶኑ ከክፈፉ በግማሽ ሚሊ ከፍ ሲል ነው፤ ሲጫን ትንሽ ይጨመቅና ከኮላው ጋር ይገናኛል።

አንድ ወረቀት በማስመሪያውና በካርቶኑ መካከል አንሸራቱ። ያለ ችግር ካለፈ እዚያ ቦታ ጉድጓድ አለ። አንድ ሚሊ ጉድለት ማለት ኮላው የማይደርስበት፣ ቆዳው በአየር ላይ የሚንሳፈፍበት ቦታ ማለት ነው።

ካርቶኑ ዝቅ ካለ፦ ክፈፉን ላጉት እንጂ ኮላ በመጨመር ለመሙላት አትሞክሩ። ነጭ ኮላ ሲደርቅ ስለሚቀንስ ጉድጓድ አይሞላም።

ካርቶኑ ከ1 ሚሊ በላይ ከፍ ካለ፦ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ሞርዱት። ጫን ካላችሁ ጠርዙ ይተኛል።

ክፈፉን ገልብጡና በሌላውም ፊት ድገሙት።

ደረጃ 7፦ አጣብቁና ጫኑ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት አትጀምሩ። ነጭ ኮላ በብርድ በትክክል አይዝም። ብዙዎቹ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆኑ እንደ ኖራ ነጭ ሆነው ይደርቃሉ፤ በጣት ሲፈገፍጓቸው ዱቄት ይሆናሉ። የደብረ ማርቆስ ወይም የእንጅባራ የኅዳር ሌሊት ለዚህ በቂ ብርድ አለው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ኮላው ሳትጨርሱ ይደርቅባችኋል። እዚያ ጠዋት ሥሩ።

ሁሉንም ነገር አጠገባችሁ አድርጉ። ከመጀመሪያው ሩሎ እስከ መጨረሻው ማዳበሪያ 10 ደቂቃ ያህል ነው ያላችሁ። አንዴ ያለ ኮላ ተለማመዱት።

1. ጠፍጣፋ ወለል ወይም ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ አንጥፉ። የታችኛውን ቆዳ አስቀምጡ። የእንጨቱ መስመር በረጅሙ በኩል ይሂድ።
2. ቆዳውን በሩሎ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ረዳታችሁ የክፈፉን የታች ፊት ይቅባ።
3. ክፈፉን አስቀምጡ።
4. የቀፎውን ጠርዝ በሩሎ ቀቡ። ጠርዙ ብቻ እርጥብ ይሁን። ገልብጣችሁ ክፈፉ ውስጥ አስገቡና በቀስታ ጫን ጫን አድርጉ።
5. የላዩን ጠርዝና የክፈፉን ላይ ቀቡ። እዚህ ላይ ኮላው ከታችኛው ትንሽ ይብዛ። ከታች ኮላው በካርቶኑ እግር ሥር ወርዶ እንደ ትንሽ ኩርባ ያቅፈዋል። ከላይ ግን ወደ ታች ስለሚሸሽ ሁልጊዜ ደካማው የላይኛው ቆዳ ነው።
6. የላይኛውን ቆዳ ውስጡን ስስ ቀብታችሁ ጫኑት። በሁለት ተቃራኒ ማዕዘን አንድ አንድ ሚስማር ምቱ፤ እንዳይንሸራተት።
7. በላዩ ላስቲክ፣ ከዚያ ቀጥ ያለ ወፍራም ጣውላ፣ ከዚያ ማዳበሪያዎቹን። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ደርድሩ።

24 ሰዓት አትንኩት። በክረምት 48 ሰዓት። ከዚያ ላስቲኩን አንሡና በሁለት እንጨት ላይ አየር በሁለቱም ፊት እንዲያገኘው አድርጋችሁ ሦስት ቀን ተዉት። ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ፀሐይ አታሙቁት፤ አንዱ ፊት ቀድሞ ደርቆ ይቆለመማል።

ሞርሳ ያላችሁ ሰዎች፦ ዳር ዳሩን ብቻ አጥብቃችሁ መሃሉን አትተዉ። ክፈፉ ጥብቅ፣ ሆዱ ልቅ ይሆናል። አሸዋው ይሻላል።

ደረጃ 8፦ በሳንቲም ስሙት፣ በጭነት ፈትሹት

አንድ ብር ሳንቲም ያዙና ቆዳውን በየ5 ሴንቲው አንኳኩ። የያዘ ቦታ ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ያልያዘ ቦታ እንደ ባዶ ቅል ያጉረመርማል። ያጉረመረመውን በእርሳስ ክበቡት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የአውሮፕላን ጠጋኞችም የተላቀቀ ቆዳ በዚሁ መንገድ ይፈልጋሉ።

ከዚያ ሳንቃውን በሁለት ድጋፍ ላይ በ110 ሴንቲ ርቀት አስቀምጡ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥሩ። 50 ኪሎ እህል ወይም አሸዋ በሙሉ ፊቱ ላይ ዘርግታችሁ ጫኑ። መሃሉ ከክሩ ስንት ሚሊ እንደወረደ ለኩ። በትክክል የተጣበቀ ሳንቃ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ቢወርድ ነው። እኔ ከ4 ሚሊ በላይ ከወረደ አልቀበለውም፤ የሆነ ቦታ ለቋል ማለት ነው።

ጠርዙን በቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ቀቡ። ቀዳዳዎቹን አትድፈኑ፤ ነፍሳት እንዳይገቡ በስስ ወንፊት ሸፍኗቸው። ሁለቱንም ፊት በእኩል ቁጥር ቀቡ። አንዱን ብቻ ቀብታችሁ ብትተዉ ክረምት ሲመጣ ይጎብጣል። ምስጥ ባለበት ቤት መሬት ላይ አታቁሙት። ለምስጥ ካርቶን ድግስ ነው።

ከሥራ በኋላ የሚመጡ ችግሮች

ቆዳው በአንድ ቦታ ለቋል። በክበቡ መሃል 3 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ። ኮላውን በጥቂት ውኃ አቅጥናችሁ በሲሪንጅ አስገቡ። ሳንቃውን ገልብጡት፤ ኮላው ወደ ለቀቀው ቆዳ ይወርዳል። አንድ ቀን ጫኑት። የለቀቀው ከእጅ መዳፍ ከበለጠ ግን ቆዳውን አንሥታችሁ ደረጃ 6ን ድገሙት።

ብሎን ካርቶኑ ላይ ገብቷል። በስስ ቆዳ ብቻ የተያዘ ብሎን ዛሬ ባይሆን ነገ ይነቀላል። አውጡት። ቀዳዳውን ወደ 10 ሚሊ አስፉ። ጫፉ የታጠፈ ሚስማር አስገብታችሁ እያዞራችሁ በዙሪያው ያለውን ካርቶን አድቅቁ። ጉድጓዱን በኢፖክሲና በሰጋቱራ ሙሉ። በማግስቱ በስስ ድሪል ብሳችሁ ብሎኑን መልሱ። ነጭ ኮላ በሰጋቱራ ለውሳችሁ ከሆነ በሁለት ዙር ሙሉት፤ ይቀንሳል።

በአንድ ነጥብ ሰመጠ። የጋለ ጀበና ወይም የወንበር እግር ያረፈበት ቦታ ነው። 4 ሚሊ ቆዳ ሰፊ ጭነት ይችላል፣ ጠባብ ጭነት አይወድም። መጠገኑ አይክስም። ከላይ ሌላ ስስ ጣውላ ለጥፉ። ቀጣዩን ስትሠሩ ክፍሉን ከ2.5 ወደ 1.5 ሴንቲ አጥብቡት።

ሳንቃው እንደ ፕሮፔለር ተጠማዞ ደረቀ። ወለላችሁ ጠፍጣፋ አልነበረም። አይመለስም። ቆራርጣችሁ መደርደሪያ አድርጉት።

ቀርከሃ ካላችሁ

አዊ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች ከካርቶን የሚሻል አላችሁ። የደረቀ ቀርከሃን በ3 ሴንቲ ቁመት እንደ ቀለበት ቆራርጣችሁ ክፈፉ ውስጥ ጎን ለጎን ደርድሩ። ክብደቱ ይጨምራል፣ ግን እርጥበት እንደ ካርቶን አይሰብረውም። ሁሉም ቀለበት እኩል ቁመት እንዲኖረው በመጋዝ ማስደገፊያ ቁረጡ። የደረጃ 6ን ፍተሻ በእጥፍ አድርጉት፤ ቀርከሃ እንደ ካርቶን አይጨመቅላችሁም። በየቀለበቱ አንድ ቀዳዳ።

ፎም መቼ ይሻላል?

ሙቀት ወይም ብርድ መያዝ ስትፈልጉ። የዓሣ ማቀዝቀዣ ሣጥን፣ የዘመናዊ የንብ ቀፎ ክዳን። ቲቪ የሚታሸግበት ነጭ ፎም በይዘቱ 98 በመቶ ገደማ አየር ነው፤ ያ አየር በተዘጉ ትናንሽ ዓይኖች ስለታሰረ ሙቀት አያሳልፍም። የፍራሽ ስፖንጅ ግን ዓይኖቹ እርስ በርስ የተከፈቱ ናቸው፣ ልክ እንደ እንጀራ። ውኃ ይጠጣል፣ ቆዳም አይደግፍም። እሱን ተዉት።

አሠራሩ ከደረጃ 5 ጀምሮ ያው ነው፤ በካርቶኑ ፈንታ 3 ሴንቲ ፎም ይገባል። የሚለየው እነሆ።

ማስቲሽ አትጠቀሙ። ቤንዚንም፣ የቀለም ማቅጠኛም አታስጠጉ። ነጩን ፎም ዓይናችሁ እያየ ያቀልጡታል። ነጭ የእንጨት ኮላ ይይዛል፤ በኮምፔርሳቶ በኩል ውኃው ስለሚወጣ። ቆዳው ቆርቆሮ ከሆነ ግን ውኃው መውጫ የለውምና ኮላው ለሳምንታት እርጥብ ይቀራል። ለቆርቆሮ ኢፖክሲ።

ከጣሳ የሚረጨውን አባጭ ፎም በሁለት ቆዳ መካከል ነፍታችሁ አትዝጉ። ሲያብጥ ቆዳውን ይገፋዋል፣ መሃሉ እንደ ሆድ ይወጣል። ክፍተት መድፈኛ እንጂ ሆድ መሙያ አይደለም።

በጋለ ሽቦ ስትቆርጡ ደጅ ሁኑ። ቁርጥራጩን አታቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ለንብ ቀፎ ክዳን ከሆነ ፎሙ በየትኛውም ጠርዝ አይታይ። ንቦች የተጋለጠ ፎም እየቆረጡ ያወጣሉ፤ ጉንዳንም ገብቶ ይጎረብታል። ውስጡን በስስ ኮምፔርሳቶ፣ ጠርዙን በእንጨት ዝጉት። የውስጡን ፊት ቀለም አትቀቡ፤ የምትቀቡት የውጩን ብቻ ነው። ሁለቱን ፊት እኩል ቀቡ ካልኩት ትእዛዝ የሚወጣው ይኸው አንዱ ነው። ትንሽ ቢጎብጥ ክፈፉ ይይዘዋል።